የማረጃው ወለል ወይስ የማዳበሪያው ወፍጮ? የ«ዘ ጀንግል» ሁለት ሥራዎች

አሜሪካዊው ደራሲ አፕተን ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው «ዘ ጀንግል» ልብ ወለድ፣ ከሊቱዌኒያ ቺካጎ የገባው ዩርጊስ ሁለቱንም ሥራ ይቀምሳል፦ የከብት ማረጃውንም የማዳበሪያ ወፍጮውንም። የትኛው ይከፋል?

መጀመሪያ የተቀጠረው በማረጃው ነው፤ የታረዱ በሬዎችን ሆድ ዕቃ መጥረግ። ክፍያው በሰዓት 17 ሴንት ተኩል። ከሊቱዌኒያ ለመጣ ሰው ሀብት የሚመስል ገንዘብ ነው፣ ግን የሚቆጠረው ሙሉ ሰዓት ብቻ ነው፦ 50 ደቂቃ ሠርቶ ከብቱ ካለቀ ምንም አያገኝም፤ አንድ ደቂቃ ካረፈደ ደግሞ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ይቆረጥበታል። ክረምት ላይ ማሞቂያ የለም። ሠራተኞቹ እግራቸውን በጋዜጣና በአሮጌ ጆንያ ይጠቀልላሉ፤ ደሙ እላዩ ላይ ይረጋና ይበርዳል። አለቃው ዞር ሲል እግራቸውን ትኩስ የበሬ ሬሳ ውስጥ ይከታሉ። አንድ ቀን ካመለጠ በሬ ሲሸሽ የዩርጊስ ቁርጭምጭሚት ተጎዳ፤ ካሳ የሚባል ነገር የለም።

ወደ ማዳበሪያው ወፍጮ የሚወርደው ሌላ የሚቀጥረው ሲያጣ ነው። የተፈጨውን የማዳበሪያ ዱቄት በአካፋ ወደ ጋሪ ይጭናል። በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ሽታው ከቆዳው አይለቅም፤ ትራም ላይ ሰው ይሸሸዋል፣ ቤተሰቡም አብሮት መብላት ያቅተዋል።

ለሰውነት ማዳበሪያው ይከፋል፤ ያለ ጥርጥር። ቤተሰቡን ይበልጥ ያናጋው ግን ማረጃው ይመስለኛል፦ ገቢው በየቀኑ ሲዋዥቅ፣ በየወሩ እየከፈሉ የገዙት ቤት ክፍያ 12 ዶላር ነበር፤ አይቀነስም፣ አይጠብቅም።