ለሕፃናት ክፍል የገዛነው ትንሽ ከበሮ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ ይገዛ። ግን ቆዳውን ሳትመቱና ማንገቻውን ሳትጎትቱ ብር እንዳትቆጥሩ።

የማገለግለው አዲስ አበባ፣ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት የእኔ ድርሻ ናቸው። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ነጠላቸውን እያንጠለጠሉ፣ ግማሹን እንቅልፍ ግማሹን ረሃብ ይዞት ይመጣሉ። አዳራሽ የምንለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ የተሠሩት ለወጣቶች ስለሆነ የእኛዎቹ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም፣ ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ነን። እነሱን አንድ ሰዓት ሙሉ ይዞ መቆየትን ያልሞከረ ሰው “መዝሙር ማስጠናት ብቻ አይደል እንዴ?” ይለኛል። ይምጣና ያስጠናቸዋ!

ቀድሞ የምንጠቀመው የወጣቶቹን ትልቅ ከበሮ ነበር። አምስት ዓመት ልጅ ከኋላው ሲቆም የሚታየው ጸጉሩ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ወጣቶቹ ለወረብ (በከበሮና በጸናጽል ለሚቀርበው ዝማሬ) ጥናት ሲፈልጉት መዝሙር መሃል ገብተው ያነሡታል፤ የልጆቹም ልብ አብሮ ይወጣል። ስልክ ከስፒከር ጋር አገናኝተን መዝሙር መልቀቅም ሞክረናል። ስፒከር ሲዘምር ልጅ አይዘምርም። ትንሽ ያዳምጥና “ጌም አለው?” ብሎ ስልኩን ይጠይቃል። በመጨረሻ ወላጆችም አገዙን፣ አዋጥተን የራሳችንን ልንገዛ ወሰንን።

ገበያው ላይ ትንሽ ከበሮ ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሸጠው። አንደኛው ለጌጥ የሚሆነው ነው። ሽሮ ሜዳ ከሀገር ልብሱ ጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቆዳው ግን ስስ ነው። በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ካርቶን ሳጥን ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ እኔ ሳልጠይቃቸው “ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሂጂ” አሉኝ። ገበያቸውን ትተው እውነቱን ስለነገሩኝ አንድ ነጠላ ከእሳቸው ገዝቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ያገኘሁት እውነተኛው ነው፦ ልክ እንደ ትልቁ ከተፈለፈለ እንጨት የተሠራ፣ ሁለቱም አፉ በቆዳ የተወጠረ፣ ዙሪያውን በጠፍር (በቀጭን የቆዳ ገመድ) የተጠፈረ፣ ብቻ መጠኑ ያነሰ። ቁመቱ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። ባለሱቁ 4,500 ብር ብሎ ጀመረ፤ “ለሕፃናት ነው፣ ጋሼ፣ በረከቱን ይካፈሉ” ብዬ 3,800 ላይ ተስማማን። የሚለብሰውን ቀይ ጨርቅ መረቀልን።

አዲስ ቆዳ እንደሚሸት አስቀድማችሁ እወቁ። የመጀመሪያው እሑድ አንዷ አፍንጫዋን ይዛ “ቲቸር፣ የፋሲካ በግ ይሸታል” አለች። (እትዬ በሉኝ ብዬ ብለምንም ቲቸር ነኝ፤ ትቼዋለሁ።) የበሬ ቆዳ ነው ብላቸው ማንም አላመነኝም። ሽታው ነፋስ ሲያገኝ እየለቀቀ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሥራው። ከበሮው ምንጣፉ መሃል ይቀመጣል፤ ልጆቹ ዙሪያውን ክብ ይሠራሉ። መዝሙሩን እስከ መጨረሻው የዘመረ ቀጣዩን ይመታል። ሕጉ ይኸው ብቻ ነው፤ ጩኸቴን ግማሽ በግማሽ ቀንሶልኛል። ቀኝ እጅ ሰፊው አፍ ላይ፣ ግራ እጅ ጠባቡ ላይ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን። መረግድና ጽፋት የሚባሉትን የማኅሌት አመታቶች የሚያውቅ ደብተራ ቢያየን ይስቅብን ይሆናል፣ ግን ለአምስት ዓመት ልጅ ሁለት እጁን ከአንደበቱ ጋር ማስማማት ትልቅ ሥራ ነው።

አንድ ልጅ ነበረን፤ ከመጣ ጀምሮ ከእኅቱ ነጠላ ሥር የማይወጣ፣ ስሙን እንኳ እኅቱ የምትናገርለት። ሌላው ልጅ ሰፊውን አፍ ሲመታ እሱ ቀስ ብሎ መጥቶ መዳፉን ጠባቡ አፍ ላይ ለጠፈ። አልመታም። መዝሙሩ እስኪያልቅ መዳፉን ሳያነሣ ቆየና “እዚህ ጋ ይነዝረኛል” አለ። ሁሉም ተራ በተራ መዳፉን ካልለጠፍኩ ብሎ ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልተማርንም። ጌጡ ከበሮ ቢሆን ኖሮ አይነዝርም ነበር፤ ቆዳው በደንብ የተወጠረ መሆኑን የምታውቁትም እንዲሁ ነው፣ አንዱን አፍ እየመታችሁ ሌላውን በመዳፍ ዳስሱ።

ለትምህርትም ይሆናል። ሰፊው አፍ የጌታ መለኮት፣ ጠባቡ የትስብእቱ (ሰው የመሆኑ)፣ ጠፍሩ ጌታ ሲገረፍ ሰውነቱ ላይ የወጣው ሰንበር፣ ጨርቁ ሲዘብቱበት ያለበሱት ከለሜዳ (ቀይ ልብስ) ምሳሌ ነው። ይህን በሥዕል ሳሳያቸው የሚያዛጉት ልጆች ጠፍሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ። ለጥያቄ ግን ተዘጋጁ። አንዱ “ተገርፎ ከሆነ እኛ ለምን እንደገና እንመታዋለን?” ብሎኝ ወደ የኔታ ላክሁት። የኔታም ስቀው “ይሄ ልጅ ቅኔ ቤት ይግባ” ብለው መልሰው ላኩልኝ።

እንከኑን ልናገር። ማንገቻው ደካማ ነው። ልጆቹ ለጥምቀት ታቦቱን አጅበው ሲወጡ እንዲይዙት ስናለማምድ ስፌቱ ለቀቀ፤ ደግነቱ ምንጣፍ ላይ ነበርን። ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ በናይለን ክር ደርቦ ሰፋልንና ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ይረግባል፣ ድምፁ ይሞታል። ፀሐይ ስትወጣ ትንሽ ማስጣት ይበቃዋል፤ እሳት አጠገብ የሚያስጠጉት አሉ፣ እኔ ልጆች ባሉበት ቤት እሳት አላነድም። ድምፁም ከትልቁ ይልቅ ቀጠን ይላል፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያስተጋባል። አጠገባችን የሚማሩት ማእከላውያን (ከእኛዎቹ በዕድሜ ከፍ ያሉት) ሁለቴ መልእክተኛ ልከውብናል። ይታገሱን።

ጊዜውንም አስቡበት። በዐቢይ ጾም ከበሮ ስለማይመታ ከዘወረደ (ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት) እስከ ፋሲካ ዕቃ ቤት ነው የሚያርፈው፣ ጭብጨባም የለም። ያን ሰሞን በመቋሚያ ዝማሜ ቀስ ብለው እንዲወዛወዙ አስተምራቸዋለሁ፤ መቋሚያው ከእነሱ ስለሚረዝም ጎራዴ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። የካቲት ላይ ገዝታችሁ ለሁለት ወር ከምትደብቁት ለመስከረም ብትገዙ ይሻላል።

ጸናጽል ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ለታናናሾቹ አልመክርም፤ ብረቶቹ ጣት ይቆነጥጣሉ፣ ዐሥር ልጅ በአንዴ ቢያንሿሿው ደግሞ መዝሙሩ አይሰማም። ለሰባት ዓመቶቹ አንድ ሁለት ቢኖር ግን ደስ ይላል።

ልጆቻችሁ ከሃያ በላይ ከሆኑ አንድ ከበሮ አይበቃም፤ ተራ ሲረዝም ልቅሶ ይጀመራል። ዕቃ ቤት ስታስገቡትም ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ አይጥ ቆዳ ትወዳለች። እኛ ሁለተኛውን ልንገዛ መዋጮ ጀምረናል፤ ከዚያው ሱቅ ነው። ጨርቁ ይቅርብን፣ ማንገቻውን ደርባችሁ ስፉልን ብለን ከወዲሁ ነግረናቸዋል።