ጆርጅታውንን ልታዩ ከሄዳችሁ ጫማ ምረጡ

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ሊገባ ነው። ቤታችን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ሌላ ወሬ የለም። ሰሞኑን እረፍት ወስጄ እሱንና እማዬን ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ወሰድኳቸው። አስጎብኚ አልያዝንም፣ በራሳችን ዞርን።

መጀመሪያ ምክር። መኪና ይዞ መሄድ ይቅርባችሁ። እኛ አንዱ ማቆሚያ ውስጥ ለሦስት ሰዓት የከፈልነው እስካሁን ያንገበግበኛል። ባቡር እዚያ ሰፈር አይደርስም፤ ወንዙ ማዶ ሮዝሊን በሚባለው ጣቢያ ወርዳችሁ ኪ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። ሂሊ ሆል የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ባለ ሰዓት ግንብ ገና ከድልድዩ ላይ ይታያል።

እማዬ በር ላይ «የማን ትምህርት ቤት ነው?» አለችኝ። «የኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ መነኮሳቱ።» ቀጥ ብላ ቆመች። «ፋሲል ያባረራቸው?» አዎ፣ እነሱው! አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ቂም በር ላይ ሊያስቀረን ነበር። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት እንደነበሩ ስነግራት ነው «እሱስ ደግ አደረጉ» ብላ የገባችው።

ግቢው ያምራል። ግን ለሕንፃ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ የሚጣፍጠው የሰዎቹ ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1789 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ አሜሪካ ውስጥ ካሉት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ታላቅ ነው። ተማሪዎች የግንቡን ሰዓት ቆጣሪዎች መስረቅ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ሰርቀው ቫቲካን የላኩም ነበሩ ይባላል። የእህቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ የከተተው ይህን ሲሰማ ነው።

ሂሊ ሆል የተሰየመላቸው አባ ፓትሪክ ሂሊ አባታቸው የአየርላንድ ስደተኛ፣ እናታቸው ጆርጂያ ውስጥ ባሪያ ነበሩ። በጊዜው ሕግ እሳቸውም ባሪያ ሆነው ነው የተወለዱት። በ1874 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። አብዛኛው ሰው ግን እንደ ነጭ ነበር የሚያያቸው።

ከዚያ ይስሐቅ ሆኪንስ ሆል ፊት ለፊት ደረስን። እዚህ ቆም በሉ። በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን በባርነት የያዟቸውን 272 ሰዎች ወደ ሉዊዚያና ሸጡ፣ በ115,000 ዶላር፤ ከገንዘቡም ለትምህርት ቤቱ ዕዳ ዋለ። ሕንፃው ድሮ ሽያጩን ባስፈጸሙት የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ስም ነበር የሚጠራው። በ2017 በሽያጩ ሰነድ ላይ መጀመሪያ ስሙ በሰፈረው ሰው ተተካ። በ2019 ደግሞ ተማሪዎቹ ለተሸጡት ሰዎች ዘሮች በየሴሚስተሩ 27 ዶላር ከ20 ሳንቲም እንክፈል ብለው ድምፅ ሰጡ፣ ሁለት ሦስተኛው ደገፈ። ቁጥሩን ልብ አላችሁት? ዩኒቨርሲቲው ግን ገንዘቡን ከተማሪ ሳይሆን በሌላ መንገድ ላሰባስብ አለ። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል ብዙ ነገር ማለት ነው።

ቅርጫት ኳስ ለሚወድ ደግሞ ጆን ቶምፕሰን አለ። በ1984 ከኮከብ ተጫዋቹ ፓትሪክ ዩዊንግ ጋር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የወንዶች ዋንጫ ያነሳ የጆርጅታውን አሠልጣኝ ነበር፤ ይህን ዋንጫ በመውሰድ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ። እኔ የምወድለት ግን ቢሮው ያስቀመጠውን የተነፈሰ ኳስ ነው። ኳሱ አንድ ቀን ይተነፍሳል፣ ትምህርታችሁን ያዙ እያለ። አራት ዓመት አብረውት ከቆዩት 78 ተጫዋቾች 76ቱ ተመርቀዋል። ለእህቴ ልጅ ሁለቴ ነገርኩት።

ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿ የተቀነሰችው በአካባቢው መንገድ ላይ ለተነጠፈው ድንጋይ ነው፤ የድሮ የትራም ሐዲድም አለበት፣ ተረከዝ ይሰብራል። እማዬ የበዓል ጫማዋን አድርጋ ነበር የመጣችው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኳትም።

ሂሊ ሆል መግቢያ ወለሉ ላይ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም አለ። የረገጠው ተማሪ በአራት ዓመት አይመረቅም ይላሉ። የእህቴ ልጅ ዘሎ አለፈ። እማዬ፣ በ74 ዓመቷ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ዞረች።