የሻለቃን ፆታ ያወቅኩበት የ3,200 ብር ማይክሮስኮፕ

አማርኛ ሸረሪት ለሚያሳድግ ሰው አይመችም። ወይ «በላ» ወይ «በላች» ማለት ግድ ነው። እኔ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የትኛውን እንደምል አላውቅም ነበር።

ታራንቱላውን (ትልቅ፣ ፀጉራም የሸረሪት ዓይነት ነው) ያመጣልኝ አንድ ተማሪዬ ነው። በወንጂ መንገድ ድንጋይ ሲያነሱ አግኝቶ በማር ዕቃ ይዞት መጣ። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው የሚሸሸው ፍጥረት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚደርሰው። ያኔ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም ነበር። ሻለቃ አልነው። (እናንተ በእጃችሁ እንዳትሞክሩ። የአፍሪካ ታራንቱላ እንደ አሜሪካዎቹ የሚያሳክክ ፀጉር አይበትንም፤ ንክሻው ግን ክፉኛ ያማል።)

ያደገ ወንድ ያስታውቃል። ከአፉ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር እግር መሳዮች ጫፍ ላይ የቦክስ ጓንት የመሰለ እብጠት ያወጣል። ትንሹን ለመለየት ግን ሲያድግ ቀይሮ የጣለውን ቆዳ ማየት ነው። የመጀመሪያውን ቆዳ እናቴ ጠርጋ ጣለችው። በሁለተኛው ጊዜማ ራሱን ሻለቃን ልትጥለው ነበር። ቆዳ ሲቀይር በጀርባው ተንጋሎ ስለሚተኛ «ይሄ ጉድሽ ሞቷል» ብላ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ ደረስኩባት።

ያን ቆዳ ለማየት ነው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማይክሮስኮፕ የገዛሁት። 3,800 አሉኝ፣ በ3,200 ተስማማን። ካርቶኑ ላይ «1600 እጥፍ» ይላል። ውሸት ነው። የትምህርት ቤታችን አሮጌ ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ የሽንኩርት ሴል ከነኒውክለሱ ያሳየኛል፤ ይሄኛው ሽንኩርቱን አጉልቶ ከማሳየት አያልፍም። ገመዱም ለስልኬ አልገባ ብሎ ማገናኛ ለብቻው ገዛሁ። ልመልስ ስል «ካርቶኑ ከተከፈተ አንቀበልም» አሉኝ። መቆሚያው ደግሞ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። በላስቲክ ከመጽሐፍ ጋር አስሬዋለሁ።

ለሸረሪት ቆዳ ግን 1600 ምን ያደርጋል? የደረቀው ቆዳ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሬ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ከዚያ የሆዱን ቆዳ በስቴኪኒ ቀስ ብዬ በመስታወት ሳህን ላይ ዘረጋሁት፣ የውስጡን ወገን ወደ ላይ አድርጌ። አራት ነጣ ያሉ ቦታዎች ይታያሉ፤ ሳንባዎቹ የነበሩበት ነው። መታየት ያለበት በፊተኞቹ ሁለት መሃል ያለው መስመር ነው። ሴት ከሆነች እዚያ የወንዱን ዘር የምታስቀምጥበት ኪስ አለ።

መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። የመሣሪያው መብራት እርጥቡ ቆዳ ላይ እያንጸባረቀ አስቸገረኝ። አጠፋሁትና የእናቴን ስልክ ባትሪ አብርቼ ከሳህኑ ሥር አስገባሁ። ያኔ ወለል ብሎ ታየ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ጠቆር ያለች፣ ጫፏ ሁለት ቦታ የተከፈለ ኪስ። ወንድ ላይም አንዳንዴ ትንሽ እጥፋት ስለሚኖር አልቸኮልኩም። በስቴኪኒው ጫፍ ስነካት ከቆዳው ተለይታ ቀና አለች። ሻለቃ ሴት ናት!

ለእናቴ ነገርኳት። ወንዱ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ብዙም አይቆይም፣ ሴቷ ግን እንደ ዝርያዋ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች አልኳት። «ስታገቢ ይዘሻት ትሄጃለሽ» አለችኝ።

መግዛት የምትፈልጉ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ በገዛ ስልካችሁ ሞክሩት። እኔ ከ5 3.5 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለ1600ው ውሸት ነው፣ ግማሹን ለመቆሚያው።