ለሜካትሮኒክስ አሰልጣኛችን ምስጋና፣ ሙያውን መማር ለምትፈልጉም ጥቆማ

የፋብሪካችንን ጀማሪ የጥገና ቴክኒሻኖች ላሠለጠኑልን የሜካትሮኒክስ (የሜካኒክስ፣ የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ቁጥጥር ጥምር ሙያ) ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም፤ ለሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር እናገናኛለን። የፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዘው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር) ሶፍትዌር ብቻ አሳይቶ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ስለበዛ፣ እሳቸው እንዴት እንደሚያስተምሩ መጻፉ ይሻላል።

ላፕቶፕ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚማሩት ማሽን መዝጋት ነው፦ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል። ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ መስመር ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ ማሽኑ ይለካል፣ ከዚያ ቴስተሩ እንደገና ይሞከራል። ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ ዜሮ ቢያሳይስ? ቀጥሎ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን የታመቀ አየር ዘግቶ ማስተንፈስ ነው። ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም ሲሊንደሩ (በአየር ግፊት የሚገፋው ክፍል) ውስጥ የቀረ 6 ባር ግፊት እጅ ይጨፈልቃል፤ ኤሌክትሪክ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ቶሎ ይረሳል።

ባለ 3 ሽቦ ሴንሰር ላይ ሳይቸኩሉ ይቆያሉ። ቡናማው ፕላስ 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ፣ ጥቁሩ ሲግናል ነው። ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው፦ ፒኤንፒ የሚባለው ዕቃውን ሲያይ በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት ያወጣል፣ ኤንፒኤን የሚባለው ደግሞ ጥቁሩን ወደ ዜሮ ይጎትታል። ሁለቱ በመልክ ስለማይለዩ አንዱ በሌላው ቦታ ይገጠማል። ያኔ የሴንሰሩ መብራት እየበራ የፒኤልሲው ኢንፑት (ሲግናል መቀበያ ካርዱ) ዝም ይላል፤ «ካርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ደህናው ካርድ ይነቀላል። ጥቁሩንና ሰማያዊውን በቴስተር መለካት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ስህተት ብረት እንዲያይ የተስተካከለ ኢንዳክቲቭ (ብረታ ብረትን ሳይነካ የሚለይ) ሴንሰር አሉሚኒየም ፊት ሲቀመጥ ነው፤ በአብዛኛው የሚያይበት ርቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ሲሊንደር አልንቀሳቀስ ሲል ያስተማሩት ቅደም ተከተል በጣም ጠቅሞናል። ሰው ሁሉ ከአካባቢው ከራቀ በኋላ አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ላይ ያለችው ትንሽ የእጅ መጫኛ ትነካለች። ሲሊንደሩ ከሄደ አየሩም ሲሊንደሩም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከኮይሉ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ ከሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) ወደ ፒኤልሲው ባለው መንገድ ነው፤ ኮይሉ ጫፍ ላይ 24 ቮልት መድረሱ ይለካል። ካልሄደ ግፊቱ፣ የታጠፈ ቱቦ፣ ወይም ውሃና ቆሻሻ ገብቶበት የተጣበቀ ቫልቭ ይታያል። ፍጥነቱንም በሚገባው ሳይሆን በሚወጣው አየር በኩል ያስተካክላሉ፤ አለዚያ ሲሊንደሩ እየዘለለ ይሄዳል።

ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሰጡ ሴንሰሮችን በቀላል ስሌት አስረድተዋል። ከ0 እስከ 10 ባር በሚለካው 4 ሚሊ አምፔር 0 ባር፣ 20 ሚሊ አምፔር 10 ባር ስለሆነ፣ 12 ሚሊ አምፔር ካሳየ ግፊቱ 5 ባር ነው። ዜሮ ሚሊ አምፔር ግን ዜሮ ባር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው።

ቅር ያለን ለኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የተሰጠው ጊዜ ማጠሩ ነው። ኢንቨርተር ለሚበዛበት ፋብሪካ ሰዓት እንዲጨምሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልን ስንት ሠልጣኝ እንዳላችሁ፣ ማሽናችሁ የየትኛው ኩባንያ ፒኤልሲ እንዳለው፣ በቅርቡ ደጋግሞ ያስቆማችሁ ብልሽት ምን እንደሆነ ግለጹ፤ ልምምዱን የሚያዘጋጁት በዚያ ብልሽት ነው። ሠልጣኙ የራሱን ቴስተር ይዞ ይምጣ።