ኮከብ ሲጋረድ ለማየት የት ልደር? ከጣርማ በር ወዲያ ያለ አንድ ማረፊያ

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ወደ ዋሻው አትግቡ። የመዘዞን መንገድ ያዙ። ጥቂት እንደሄዳችሁ በድንጋይ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ታገኛላችሁ። እኔ እዚያ ያደርኩት ከኔፕቱን ማዶ ያለ አንድ በረዷማ አካል በኮከብ ፊት ሲያልፍ ለመቅረጽ ነው። ለዚህ ሥራ በሰሜን ሸዋ ካየኋቸው ማረፊያዎች የሚወዳደረው የለም።

እነዚህ አካላት ከርቀታቸው የተነሳ በትልቅ ቴሌስኮፕም ነጥብ ሆነው ነው የሚታዩት። አንዱ ኮከብ ሲጋርድ ግን ጥላው መሬት ላይ ያርፋል። የጥላው ስፋት የአካሉን ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 20 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ኮከቡ ስንት ሰከንድ እንደጠፋ የለካ ሰው የአካሉን አንድ ቁራጭ ለካ ማለት ነው። እንደ ድፎ ዳቦ ነው፤ ሌላ ቦታ የቆመ ሰው ሌላውን ቁራጭ ይለካል፣ ሲደረደሩ ቅርጹ ይወጣል። ከእነዚህ አካላት አንዱ የሆነው የሃውሜያ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ2017 የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሳይንቲስቶች ቴሌስኮፕ ተሸክመው ሴኔጋል ድረስ ሄደዋል። አሮኮት የሚባለው ሌላው አካል ጥላ የሚያልፈው በዚያ ነበራ! ጥላው እናንተ ዘንድ አይመጣም፣ እናንተ ናችሁ የምትሄዱለት።

ወደ ማረፊያው ልመለስ። ኮከቡ መቼ እንደሚጋረድ የሚናገረው ትንበያ የሚወጣው በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ነው። 20:40 ካለ በእኛ ከሌሊቱ 5:40 ነው። ለባለቤቷ ቀድሜ ደውዬ ከ5:15 እስከ 6:10 የውጭ መብራት ይጥፋልኝ አልኳት። «መምህር፣ የኩሽናውንስ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ማረፊያ የለም። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ሆቴል እሺ ብለውኝ ልክ በሰዓቱ የግቢው ፓውዛ ቦግ ብሎብኝ ነበር፤ ያ ሌሊት ባክኖ ቀረ። እዚህ ግን አይሱዙ ይዘው ያደሩትን ሹፌሮች ሳይቀር ራሷ እየዞረች አስጠነቀቀች።

ጓሮው ለቴሌስኮፕ የተመቸ ነው። መሬቱ ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ አይናወጥም፤ የድንጋይ አጥሩም ንፋሱን ይመልሳል። ኤክስቴንሽን ከኮሪደሩ ይደርሳል። መብራት ሄዶ ነበር፤ እኔ ባትሪ ይዣለሁ። ባለቤቷም ጄኔሬተሩን እስክጨርስ አላስነሳችውም።

ሰዓቱ ሲደርስ ኮከቡ ስክሪኑ ላይ እንደተቆረጠ ነገር ጠፋ። ከሰከንዶች በኋላ ድንገት ተመለሰ። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ኮከብ ስትጋርድ ብርሃኑ ቀስ እያለ ነበር የደበዘዘው፤ ከባቢ አየር እንዳላት የተረጋገጠው በዚያ ነው። የኔው ድርግም ማለቱ እንደ ፕሉቶ ያለ አየር እንዳላየሁበት ይነግረኛል። ከዚህ ጓሮ ሆኜ ይህን ማወቄ እስካሁን ያስደስተኛል። ዘበኛው በርኖሱን ደርቦ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ማን ጋረደው?» አለኝ። «ጋሼ፣ ፀሐይን ለመዞር መቶዎች ዓመታት የሚፈጅበት በረዶ ነው» አልኩት። ቪዲዮውን ደግመህ አሳየኝ አለ፤ አብረን አየነው።

እንከን አለው። ሙቅ ውሃ አለ ይላሉ፣ እኔ በነበርኩበት ግን አልመጣም። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሰዓት ከስልክ እወስዳለሁ ብላችሁ አትመኑ፤ ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጥ ጂፒኤስ ያዙ። ዋናው ችግር ግን ጉም ነው። ማምሻውን ከገደሉ አፍ መውጣት ከጀመረ ግቢውን በደቂቃዎች ውስጥ ይውጠዋል። የማረፊያው ጥፋት አይደለም፣ ግን ዕቃችሁን ጭናችሁ ከገደሉ ራቅ የምትሉበት መኪና ቢኖር ጥሩ ነው። በክረምት ጭራሽ አትሞክሩት።

ብርዱ ከባድ ነው። አልጋው ላይ የመንዝ ባና ያነጥፋሉ፣ ለውጭም ያውሷችኋል። ሻይ በፔርሙስ ይሞላሉ። የጠዋቱ የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ግሩም ነው። ዋጋው ደብረ ብርሃን ካለ መካከለኛ ሆቴል አይበልጥም። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለውሃው ነው።

ስትደውሉ የጓሮውን ክፍል ጠይቁ። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንገሯቸው።