ትከሻው ለወለቀበት ሁሉ፦ ኮዬ ፈጬ አንድ ባለሙያ አሉ

እስቲ ይህን ጽሁፍ ትከሻው ወልቆ ለሚያውቅ ሰው ሁሉ አድርሱልኝ። ኮዬ ፈጬ ውስጥ በልክ የትከሻ ማሰሪያ የሚሰሩ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። ሳላመሰግናቸው ብቀር ግፍ ነው።

ባለፈው ክረምት ታክሲ ልሳፈር ስል ተገፋሁና ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ሀኪም ቤት ቦታው መለሱልኝ፤ እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከረምኩ። ዳንኩ ስል ደግሞ ወለቀ። ያውም ልብስ ሳሰጣ! ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው አሉኝ፤ አንዴ ከወለቀ ደግሞ ይለምዳል። እኔ መምህርት ነኝ። ሰሌዳ ላይ ልጽፍ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ክው ይላል። የቤቱን ስራማ ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ስም ሳልጠራ ልንገራችሁ። አንዱ ቤት ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል "ሚዲየም ነሽ" አለኝ። ትከሻ ቲሸርት ነው እንዴ? የደመወዜን ግማሽ ከፍዬ ከውጭ የመጣ ጥቁር ማሰሪያ ይዤ ወጣሁ። ብብቴን ላጠኝ። ደረቴ ላይ የሚያልፈው ቀበቶ ሲጠብቅ መተንፈስ አቃተኝ። ሴት ጡት እንዳላት የሰራው ሰው አላሰበም። ልመልስ ብሄድ "ትለምጂዋለሽ" ተባልኩ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ቀብድ ተቀብለው ዛሬ ነገ ሲሉኝ ከርመው የሰጡኝ ክሩ የተተረተረ ነገር ነው። ሜትር እንኳን አላወጡም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ "ወጌሻ ጋ ሂጂ" የማይል የለም። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያን ክንድ ማንም እንዲጎትተው አልፈለግኩም።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ኮንዶሚኒየም ስር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ጋሼ ድሮ ቦርሳ ሰፊ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ዘለበት ግማሹ ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ነው። ሳየው ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ገንዘብ አልነበረም። "የሀኪም ወረቀትና ራጅ የታለ?" አሉኝ። ያለዚያ አይነኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው የሚሰራ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። እሱ ራጁን አየ፣ ክንዴን ቀስ እያደረገ ፈተሸ። ስለ አጥንቱ ኳስና ስለሚቀመጥበት ጎድጓዳ ብዙ አስረዳኝ፤ ግማሹ አመለጠኝ። የገባኝ ይህ ነው፦ ለእኔ አደገኛው እጄ ወደ ጎን ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ሲዞር ነው። ማሰሪያው ያንን ይከልክል፣ ሌላውን ይልቀቅ።

ልኬን የወሰዱት መጋረጃ ጋርደው ባለቤታቸው ናቸው። ይህ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ጋሼ "ቲቸር፣ እንጀራ ራስሽ ነሽ የምትጋግሪው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ጣሳ ውሃ ሞልተው አቀበሉኝና ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ትሪ አስቀመጡ። "በይ ሊጡን አዙሪ።" ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ እያየኝ፣ በውሃ እንጀራ ጋገርኩ! እሳቸው ጎንበስ ብለው ዓይናቸው ክርኔ ላይ ነው። ቀጥለው ጠመኔ ሰጥተው ግድግዳው ላይ አስጻፉኝ። ከታች ወደ ላይ እየጻፍኩ ስሄድ፣ እጄ ፈራ ያለበት ቦታ ላይ "ቁሚ!" አሉና መስመር አሰመሩ። ምንም አልተናገርኩም እኮ። ፊቴን አይተው ነው ያወቁት። ማሰሪያው ዛሬ ክንዴን ያዝ የሚያደርገው ልክ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ነው።

ቀበቶው በጀርባዬ ዞሮ በግራ ብብቴ ስር ያልፋል፤ ጡቴን አይጫነኝም። ዘለበቱ ግራ እጄ የሚደርስበት ላይ ስለሆነ ሰው ሳልጠራ አስረዋለሁ። ቀዳዳዎቹን በክር ቀለም ለይተውልኛል። ቀዩ ለታክሲ ግፊያ ጠበቅ ያለው ነው፣ ቢጫው ለክፍል፣ አረንጓዴው ለቤት። ትከሻዬ ሲጠነክር እየላላ ይሄዳል። የክንዱ ጠርዝ ሲፈትገኝ ተመልሼ ሄድኩ፤ ቁጭ እንዳልኩ ፈተው ሰፉልኝ። ሳንቲም አልተቀበሉም። የፊዚዮቴራፒው ልጅ ደግሞ ማሰሪያው ጡንቻን እንደማይተካ፣ ስፖርቱን ካልሰራሁ ክንዴ እንደሚደክም ደጋግሞ ነግሮኛል። ጣቴ ከደነዘዘኝም ወዲያው እንዳላላው፣ ካልተወኝ ሀኪም ጋ እንድሄድ።

ቆንጆ ነው አልላችሁም። ስፌቱ ወፍራም ነው፣ ቀሚስ ስር ይታወቃል። ጋሼም ወሬ ይወዳሉ፤ ስለ ቦርሳ ዘመናቸው ሳትሰሙ አትወጡም። ግን እጃቸው ይባረክ! ዋጋቸውም ያ "ሚዲየም" ከወሰደብኝ ግማሹን አይሞላም። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ወንድም እህት ያመመው ካለ ውሰዱት።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ ኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ወረቀታችሁንና ራጃችሁን ያዙ፣ ስስ ካናቴራ ልበሱ፣ ቅዳሜ በጠዋት ድረሱ። ከሰዓት ወረፋው አይቀመስም።