ድንኳን፣ የገጠር ጎጆ ወይስ ሆቴል? የተራራ ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት

የተራራ ጉዞ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰሜን ተራሮች ይሻላል ባሌ?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማታ የት እንደሚተኛና ዕቃውን ማን እንደሚሸከምለት ቢወስን ይሻለዋል። ቀን አምስት ስድስት ሰዓት መራመድ ብዙ ጤነኛ ሰው ይችለዋል፤ ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ብርድና በከፍታ ነው።

በድንኳንና በበቅሎ፦ ሰሜን ተራሮች

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ይከፈላል፤ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ይያዛል። የተለመደው መስመር ከሳንቃበር (3,250 ሜትር) በግጭ (3,600 ሜትር) አድርጎ ጨነቅ (3,620 ሜትር) ይደርሳል። ጭላዳ ዝንጀሮውን በቅርብ፣ ዋሊያውን በተለይ ጨነቅ አካባቢ ለማየትና በእሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ ለመቆም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ራስ ዳሸንን ካሰባችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን ጨምሩ። ከባዱ ነገር ጫፉ ብቻ አይደለም፤ ከጨነቅ ተነስቶ 4,200 ሜትር ላይ ያለውን የቧሂት መተላለፊያ ማለፍ፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድና እንደገና ወደ አምቢቆ መውጣት አለ። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰዎች የሚቸገሩት ቁልቁለቱ ላይ ነው።

በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ስትከራዩ መለያው ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ «ኮምፈርት» የሚለውን እዩ፣ «ሊሚት» የሚለው ሳይሞቁ ለማደር ነው። ኮምፈርቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከጀርባ ሥር ያለው ጥጥ ወይም ላባ በሰውነት ክብደት ስለሚጨፈለቅ ብርዱ ከመሬት ይገባል፤ ስለዚህ ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ስስ ከሆነ ሁለት ጠይቁ። በቅሎዎቹ ከናንተ ጋር እኩል አይሄዱም። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር ባትሪና ሦስት ሊትር ውኃ በራሳችሁ ጀርባ ይሁን፤ በቅሎ ላይ የተጫነ ጃኬት ዝናብ ሲመጣ አይደረስበትም። ጎማ ያለው ሻንጣ ለበቅሎ ስለማይመች በለስላሳ ቦርሳ ቀይሩት።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከፍታን በተወሰነ ደረጃ ለምዷል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለገና የመጣ ግን አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅም አንድ ሌሊት ቢያድር ይበጀዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ እየባሰ ከሄደ ይወርዳል። መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

ከጎጆ ወደ ጎጆ፦ መቄትና የላሊበላ ዙሪያ

ድንኳን አይፈለግም፣ ስሊፒንግ ባግም ግዴታ አይደለም። የመንደሩ ሰዎች በሚያስተዳድሩት ጎጆ ታድራላችሁ፣ እነሱ ያበስላሉ፣ ዕቃውን አህያ ይሸከማል። ገቢው ከመንደሩ ስለሚቀር ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። አልጋው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ መጸዳጃውም ውጭ ነው። ለጿሚ ደግሞ ምቹ ነው፤ ሽሮና ምስር የቤቱ ምግብ ነው። በድንኳን ጉዞ ግን ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾሙ ለአብሳዩ ገበያ ሳይወጣ ንገሩት፣ ተራራው ላይ ሱቅ የለም።

አንድ ሆቴል እያደሩ፦ ባሌ

ከልጅ ወይም ከአረጋዊ ጋር ከሆናችሁ ዲንሾ ወይም ጎባ እያደራችሁ በመኪና ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ይሻላል። ቀን 4,000 ሜትር ላይ ውላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ስለምትተኙ ከፍታው የመጉዳት ዕድሉ ይቀንሳል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው በቀን ስለሆነ የማየት ዕድላችሁ ከሰሜን ይልቅ እዚህ እጅግ ይሰፋል። ደጋ አጋዘኑም ዲንሾ ዙሪያ አይጠፋም። ጉዳቱ ብዙ ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥና የቀን ኪራዩ ነው፤ ለሁለት ሰው ይከብዳል፣ ለአምስት ይቀላል።

ጫማ አዲስ ከሆነ ከሁሉም በፊት እንጦጦ ወይም ወንጪ አንድ ቀን ሞክሩት። ወንጪ በተለይ ጥሩ ፈተና ነው፤ ሐይቁ ታች ስለሆነ ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ከደከማችሁ በኋላ ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ድምር ብቻ አትመልከቱ። የፓርክ መግቢያው፣ የስካውቱና የባለ በቅሎው ስንቅ፣ በቅሎዎቹ ባዶአቸውን የሚመለሱበት ቀን፣ የድንኳን ኪራይ ገብቷል ወይ? ርካሽ የሚመስለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱን ያስቀረ ነው። በአማራ ክልል በኩል ለሚሄድ ጉዞ ደግሞ በጸጥታ ምክንያት መንገድ ቢዘጋ ቅድመ ክፍያው እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንትም ደባርቅ ወይም ላሊበላ ያለውን አስጎብኚ ራሱን ደውላችሁ ጠይቁት።